የመስክ ደብተር፣ ኮሶዬ

መስከረም አሥራ ሁለት፤ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል።
መኪናው ካስፋልቱ ዳር፣ ጉሙ ከገደሉ እኩል።
ሹፌሩ ሲሳይ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ፤
እኛ ቁልቁል ወረድን፤ ገመድ፣ የቅጠል መጫኛ፣
ማጉያ መስታወት፣ እርሳስ፣ ያረጀ ጋዜጣ፣
ሁለት ዳቦ ይዘን፤ ዝናብ መጣ አልመጣ።

መንገድ የሚመራን አያ ጓዴ ነበር፣
ቀፎ ሰቃዩ ሰው፣ ኑሮው ገደል ዳር።
የትኛው ድንጋይ እንደሚያዝ፣ የቱ እንደሚከዳ
ያውቃል እንደ ሰው ጠባይ፣ እንደ ቆየ ዕዳ።

ሦስት ክረምት ለቀምሁ፤ ያመጣኋቸው ሁሉ
ቀድሞ ስም የወጣላቸው፣ መሳቢያውን የሞሉ።
ዓይኔም ያደይ ቢጫ ለምዶ፣ ሜዳው ሁሉ አንድ ቀለም፣
ከዚያ የተለየ ነገር አለ ብሎም አላለም።

ያኔ እግሬ አዳለጠኝ።
ጉንጬ ከድንጋይ ገጥሞ፣ አፈር አፌ ገብቶ፣
ከስንጥቁ ውስጥ
አንዲት ነገር አየችኝ።
(እኔ ነኝ ያየኋት ብዬ እጽፍ ይሆናል፤
ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ እንዲያ ያምርለታል።)

ቁመቷ ሁለት አንጓ፣ ከጣቴ የማይበልጥ፤
ቅጠሏ ጥንድ ጥንድ፣ ጠጉራም፣ ጤዛ እንደ ዶቃ የሚቀመጥ፤
መልክአ አበባዋ አምስት፤ ቀለሙ ሐምራዊ
(ሰረዝሁት)፣ ሰማያዊ
(ይህንም ሰረዝሁት)፣
የበለዘ ቆዳ ሊሽር ሲል የሚያወጣው ዓይነት።
ሽታዋ እርጥብ ብረት። ወይም አልሸተተኝ ይሆናል፤
የገዛ ጣቴ እንደሁ ገመድና ዝገት ይሸታል።

ቆጠርሁ። ሰባት ናቸው።
ደግሜ ቆጠርሁ። ሰባት ናቸው።

ተማሪዬ ይበልጣል ከላይ ሆኖ ጮኸ፦
«አዲስ ከሆነች፣ ዶክተር፣ በስምዎ ትጠራ!»
ገደሉ ተቀበለው፤ «ትጠራ... ጠራ... ራ...»
ስሜ ሳይነሳ፣ መጠራቱ ብቻ ሲያስተጋባ ሰማሁ።

ደንቡ ይላል፦ ከነሥሯ ንቀል፤ ጋዜጣ ላይ አስተኛት፤
በሎተሪ ዕጣ ቁጥርና በሙት ዓመት መሃል ተጫናት።
ሳትሞት አትመሰክርም፤ ያ ነው የሙያው ሃይማኖት።

«አያ ጓዴ፣ ማን ይሏታል?» አልሁ አንገቴን ወደ ላይ።
ገመዱን በወገቡ ጠምጥሞ፣ እኔን ሳያይ፦
«ስም የላትም።» «አያውቋትም?» «እንዴታ! ንቤም ያውቃታል።
በጥቅምት ማር ስትቀምሺ ጉሮሮሽን ነካ ያደርግሻል፣
ጥቂት መረር ብሎ፤ እሷ ናት።
ስም ግን አባቴም፣ ያባቴም አባት አላወጣላት።
ስም ያለው ሥር ይማሳል።
ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ ይሰማል፤ ደብተራው ሌሊት ይወርዳል።
እዚያ ማዶ፣ ከኮሶው ሥር፣ ስም ያላት አንዲት ነበረች።»
«ምን ሆነች?»
«ስሟ አለ። እሷ አለቀች።»

ገመዱ ደረቴን ያዘኝ፤ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ።
ቢላዬ እጄ ላይ ነበር፤ ማንም አልከለከለኝ።
ከሰባት ላይ አንድ ሲነሳ፣ ሕፃን የሚያውቀው ሂሳብ፣
ያን ጧት ግን እንደዚያ ሆኜ አቃተኝ ለማሰብ።

አንዲት የረገፈች ቅጠል፣ ጠርዟን ትል የበላት፣
አነሣሁ። ጋዜጣው መሃል ብቻዋን አስተኛኋት።
ሣልሁ፤ ለካሁ፤ እርጥበቱ ግማሹን መስመር አጠፋው።
ይበልጣል ሽቅብ ስንወጣ አኩርፎ ነበር፤ ተውሁት።

ጎንደር ስንገባ ፒያሳ መብራት ሄዷል፤
የባጃጅ ፋኖስ ብቻ እዚህም እዚያም ይሄዳል።
ቅጹን በሻማ ሞላሁ።
ወረዳ፦ ወገራ።
ከፍታ፦ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ።
ብዛት፦ ሰባት።
ትክክለኛ ቦታ፦ ጉም።
(ኃላፊዬ ነገ ይጠይቃል፤ ነገ እመልሳለሁ።)
የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም፦

ይኸን መስመር እስካሁን አልሞላሁት።
በጥቅምት መጨረሻ፣ በሲሳይ እጅ፣ አንድ ጠርሙስ ማር መጣልኝ፤
ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ፤ ደብዳቤም የለው፣ ምንም የለው።
በማንኪያ ጫፍ ቀመስሁት።
ጥቂት ቆይቶ ጉሮሮዬን ነካኝ።
ስም ማለት ያ ከሆነ፣
ዋጥሁት።