እንዳያልብሽ

ነሐሴ ነው፣ ሻርጃ። ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ
አስፋልቱ ከጫማዬ ሥር እንደ ማስቲካ ላላ።
ሲስተር ሊሲ፣ የኬረላዋ ነርስ፣ ሸሚዜን ገልጣ
ጀርባዬን በጥጥ አበሰች፣ ንጹሕ ቦታ መርጣ፤
ከዚያ ለጠፈችብኝ፣ በረድፍ፣ ሠላሳ ጥቃቅን ክዳን፣
ከያንዳንዱ ሥር ቅንጣት፦ ሽቶ፣ ኒኬል፣ ሙጫ፣ ጎማ፣
የሲሚንቶ ጨው፣ የፀጉር ቀለም፣
ሌላም፣ ስሙን ከሷ አፍ በቀር ከማንም ያልሰማሁት።
በየጎኑ በእስክሪብቶ ቁጥር ጻፈች። ጫፉ ይቀዘቅዛል።
ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት ልጅ
ዛሬ ደብተር ሆንኩ፣ ያውም ራሴን ማንበብ የማልችል።

«ከነዚህ አንዱ ነው እጅሽን የሚበላው» አለች።
አያቴ ስለ ሌባ ሻይ ይነግረን ነበር፦
መድኃኒት የጠጣ ብላቴና ሮጦ፣ ሮጦ
ከሌባው ደጅ ይወድቃል፣ ሰፈሩን አቋርጦ።
እኔ የትም አልሮጥም። ተጠርጣሪውን ሁሉ ሰብስበው
ጀርባዬ ላይ አሳደሩት፣ ማን እንደሚነክስ ሊያዩ።

«ውሃ አይንካሽ። አትከኪ። ከባድ ነገር አታንሺ።
ደግሞ» አለች፣ በሩ ጋ ስደርስ፣ «እንዳያልብሽ።»

እንዳያልብሽ!
በነሐሴ። እዚህ። እኔን።
«በፊትህ ወዝ ብላ» የተባለው ለአዳም ነበር፤
እኔ ጋ ሲደርስ አንገት፣ ብብት፣ የእግር ጣት መሐል ገብቷል።
የሰባት ዓመት ላቤ ቢጠራቀም
የኡም ራሺድን መዋኛ ይሞላል።
ሳቅሁ። ሲስተር ሊሲም ገባት መሰል፣ ሳቀች።
«አውቃለሁ» አለች። «አውቃለሁ» ደገመች።

ስድስት ሆነን በምንተኛባት ክፍል
አገሬ፣ የመርሳዋ ልጅ፣ ከኤሲው ሥር ያለ አልጋዋን፣
በየወሩ ሃምሳ ድርሃም የምትጨምርበትን፣ ለቀቀችልኝ፤
እሷ በሩ ሥር፣ እኔ ፍራሽ ላይ፣ ሙቀቱን ጠጣችልኝ።
«ምች ነው» ትላለች አሁንም፣ «ዳማከሴ ቢገኝ
አንድ ሌሊት አይፈጅም።» ጦይባ ደግሞ «ዓይን ነው» ትላለች።
እኔ በደረቴ ተኝቼ፣ ሥራ ፈትቼ፣ እንደ እመቤት፣
የሌላ ሰው ብርድ ላይ ሁለት ቀን ተጋደምኩበት።
የሁለት ቀን ደሞዝ ቀረ። ማሳከኩ ግን አልቀረ፦
ሌሊት አንዱ ቦታ፣ ከግራ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ፣
መናገር ጀመረ።

በሁለተኛው ቀን ነቀሉት። በአራተኛው ዶክተር ኢግባል
መነጽሯን አጥልቃ አነበበችኝ።
ሱዳናዊት ናት፣ የጎረቤት ልጅ፤ ጣቷ ቀስ ብሎ ይዳብሳል።
ሃያ ሁለት ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገች።
«አሥራ አራት» አለች።
አሥራ አራት ጎማ ነው።
«ጓንት ታደርጊያለሽ?»

ቢጫ ነው። እስከ ክርኔ ይደርሳል።
በረኪናው ጣቴን የሰነጠቀው ዕለት
ኡም ራሺድ ራሷ ወርዳ ገዛችው፣ ራሷ አጠለቀችልኝ፣
«እጅሽ ያሳዝነኛል» ብላ።
በዚህ አገር እጄን ያየች እሷ ብቻ ናት።
ሲብስብኝ አጥብቄ አደረግሁት፣ ሲደማ ደርቤ።
በረኪናውን ረገምኩ፣ ውሃውን፣ ዕድሌን፤
ጓንቱን ግን በምን አንጀቴ?
ሌባ ሻዩ የወደቀው ከደግ ሰው ደጅ ነው።

ነገ ምን እላታለሁ? ወረቀት አለኝ፣ በዓረብኛ፣ ማኅተም ያለው፤
«ጓንቷ ቪኒል ይሁን» ይላል።
ሌላውን አይልም።

ማታ አገሬ ጀርባዬን አጠበችው።
ቀዝቃዛ በሚባለው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ እንደ ሻይ ያቃጥላል።
ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ለቀቁ፣ ጥቁር ጥቁር እያሉ ወደ ፍሳሹ ሄዱ፤
አሥራ አራት ብቻ እምቢ አለ።
ሳሙና ልትጨምር ስትል እጇን ያዝኳት፦
«ተይው። ከነገ ወዲያ ላቤ ያጥበዋል።»