ቢጫው ክር

ነይ ጀልባው ላይ ውጪ፣ ጫማሽን አውልቂ፣
ታቭሪ፣ ዛሬስ ጉዴን ከአፌ እወቂ።
ይህች የወተት ጣሳ፣ ዝገት የበላት፣
ምስማር የያዘች መስሎሽ ስንቴ ያለፍሻት፣
ክፈቻት።

ሃያ ሦስት ቢጫ ክር፣ ቁጥር ያለባቸው፣
ከዓሦችሽ ጎን ላይ በእጅሽ የሰፋሻቸው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቶንሌ ሳፕ ወለል ሥር
የብረት ጆሮ ቀብረሽ ስታዳምጪ ምስጢር፣
ዓሣው ዝም ሲልሽ፣ ካርታሽ ላይ ሲሰወር፣
እኔ ነኝ ዝምታው፤ እዚህ ጣሳ ውስጥ ነበር።

ለምን ደበቅህ ብትይ፣ ፍርሃት ነው ምክንያቱ።
ባለ ወረቀቶች ድሮ የመጡ ዕለቱ
"ልንቆጥር ነው" ብለው፣ በመልካም ፈገግታ፣
ቆጥረው ሲጨርሱ፣ ያውም ባንድ ማታ፣
ያባቴን ችካሎች ነቀሉ ከቦታ።
ከዚያ ወዲህ ለእኔ መቁጠርና መንቀል
መንታ ናቸው፣ ልጄ፤ አንዱ ሲመጣ አንዱ ይከተል።

አንቺም በመጣሽ ቀን፣ ልጅነት በፊትሽ ላይ፣
"ክሩን ላመጣልኝ ባርኔጣ አለኝ" ስትይ፣
በሆዴ ሳቅሁብሽ፤
"ዓሣ ጎርጓሪ ናት፣ ዘንዶ ታወጣለች፣
ይህች ልጅ ምን ቆርጧት ከፕኖም ፔን መጣች?"
ዘንዶውስ እኔው ነኝ፣
ጣሳዬ ላይ የተጠመጠምኩ።

አሁን ብዕር ያዢ። አንድ በአንድ እነግርሻለሁ፤
ቁጥሩን ባላነበው ሌሊቱን አውቃለሁ።

ይሄ ጫፉ የተበላው፣ ጥር ነው፤ ጨረቃ
ልትሞላ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ሐይቁ ሲነቃ፣
መረቤ በሪየል፣ ገንዘባችን ስሟን በያዘላት ትንሽ ዓሣ
ታጭቆ ታጭቆ ችካሉን ሲያናጋ፣ ከመሐል ይሄ ተነሣ።

ይሄን ካምፖንግ ቻም ያለው አማቼ ነው ያወጣው፤
ለእኔ የሰጠኝም ካርታ ተበልቶ ነው፤
ያንቺን ካርታ አይደለም፣ የቁማሩን ነው።

ይሄ ደግሞ ኪሪ፣ የልጅ ልጄ፣ በተወለደ ሌሊት፤
እናቱ ስታምጥ፣ እኔ መረብ ስጎትት።

ይቺን ግን...
ቆይ፣ ይቺን ለብቻ አስቀምጪ።

ግንቦት ነው። ወንዙ አቅጣጫ ሊቀይር ሲያመነታ፣
ኮልሪያንግ መጣች፣ ጀልባዬን በጎኗ ገፍታ።
ቁመቷ ከቁመቴ፣ ቅርፊቷ እንደ መዳፌ፣
ሆዷ እንቁላል ከብዶት፣ እመቤት በደጃፌ።
ጎኗ ላይ ክሩን ሳይ ማነቆ መሰለኝ፤
"ማነው ያሰረሽ?" አልኩ፤ አንጀቴን በላችኝ።
በቢላ ቆረጥኩት።
ለቀቅኋት።

መዝገብሽ ምን ይላል? "ሞታለች"፣ አይደለም?
ሰርዢው። እማኝ ነኝ። ሳሩን እሷን አልበላም።
ጭራዋ ውሃውን አንዴ መታ፣ ፊቴን አጠበኝ፤
ወደ ክራትዬ ጥልቆች ሽቅብ ስትሄድ ታየችኝ።
ደርሳ ይሆን?
እንዳልጠይቅሽ፣ መልሱን በቢላዬ ቆርጬዋለሁ።

ካርታሽን ዘርጊው እስቲ። ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?
"በጥር ሦስት ሌሊት፣ ሳትሞላ ጨረቃው፣
መረብ ቢነሣ" ትያለሽ፣ "የሚተርፈው ዘሩ ነው።"
እሺ፤ አነሣለሁ።
ግን ከእኔ ችካል በላይ አንድ ጌታ አሉ፤
አሥራ አራት መረብ ያላቸው፣
እግራቸው ጭቃ ረግጦ የማያውቅ።
እሳቸውንም ጎብኚ።
ዓሣ ግማቱ ካናቱ ነው፣
ከጅራት አትጀምሪ።

በይ ሂጂ፣ ሳይመሽ። ጣሳዋን መልሺልኝ፤
ምስማር እይዝባታለሁ።
ባርኔጣዎቼስ? ሃያ ሦስት አለብሽ፤
አልረሳሁም።

ሃያ ሁለት ይሁን።
ያቺን አልሸጥኳትም።