ጣሪያው ከፍ ብሏል

ቅዳሜ ገበያ ሲበተን በማታ፣
የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ በኩታ፣
ዕዳዬን ዘረጋሁ እንደ ጨርቅ ባንድ አፍታ።
አራት ነው ቁራጩ፣ አራት ዓይነት ቀለም፤
አንዱም ከሌላኛው ቢሰፉት አይገጥም።

አንደኛው የሐጂ፣ የኑርሁሴን ደብተር፣
ለጥምቀት በዱቤ የወሰድሁት ጥለት፣ ሜትር በሜትር።
መንገዱ ተዘግቶ እንግዳ ሲቀር፣
ሠላሳ ቀሚሴ ማንጠልጠያው ላይ ሲያድር፣
ታቦቱ ገባ ወደ ደብሩ፤ ዕዳው ወደኔ በር።
ሁለተኛው ዕቁብ፤ ዕጣውን በልቻለሁ፤
ሦስተኛው ብድርና ቁጠባው፤ ወንድሜን ዋስ ጠርቻለሁ፤
አራተኛው ስልኬ።
እሱን እፈራለሁ።
ደጅ አያስጠና፣ ፊት አያይ፣ አይጠይቅ፤
ሌሊት ብር ይሰጣል ዝም ብሎ ሲያብረቀርቅ፤
ቀን በቀን ይበላል፣ እንደ ነቀዝ ሲያደቅ።

ከየቱ ልጀምር?
ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ «ከትንሹ ጀምሪ፣
አንድ ስም ሲሰረዝ ልብሽ ይላል ኩሪ» አለችኝ።
እኔ ግን አሰላሁ፦ የሐጂ አይወልድም፤
የዕቁቡም አይወልድም፤
የሚወልደው ስልኩ ነው፣ አንድ ቀን አይመክንም።

የተማሪ ደንብ ልብስ ሌት ተቀን ሰፍቼ፣
ከማራኪ ፒያሳ ባጃጁን ትቼ፣
በፍስኩም ጾሜ፣ ዘይቱን ለክቼ
ከፈልሁ። ጨረስሁ። ያንኑ ቀን ማታ
ስልኬ ብልጭ አለ በደስታ ሰላምታ፦
«እንኳን ደስ አለዎት! የብድር ጣሪያዎ ከሁለት ሺህ ወደ ስምንት ሺህ ብር ከፍ ብሏል።»

ቀና ብዬ አየሁት የቤቴን ጣሪያ፤
ሐምሌ ያፈስበታል በምስማሩ ዙሪያ፤
ይሄ እየዘቀጠ ያ ከፍ ይላል ወዲያ።
ያኛው ግን ጣሪያ ነው፣ ዝናብ አያስጠልል፤
ከፍ ባለ ቁጥር ሲወድቁ ይገድላል።

በነጋታው ፒያሳ፣ ከቢሮው ገባሁኝ፤
«ጣሪያዬን ዝቅ አርጊልኝ፣ ሁለት ሺው ይብቃኝ።»
ልጅቷ ሣቀች፤ ደረቷ ላይ ስሟ ትርንጎ ይላል፤
«እናቴ፣ ሰው ሁሉ ከፍ አርጊልኝ ይላል!
ካልነኩትስ? ይቀመጥ፤ ቢኖር ምን ይጎዳል?»
ልክ ናት ምናልባት።
እኔ ግን አውቃለሁ፣ ሌሊት በስምንት ሰዓት፣
ልጅ ሲያተኩስ፣ መብራት ሲጠፋ፣ የጣቴን ፍጥነት።

ጨርቅ ቆራጭ ነኝና እንዲህ አልኋት፦ «ልጄ፣
ጣቃው መቶ ሜትር ነው፣ ቢዘረጋ ከደጄ፤
መቀሴ የሚሄደው በጠመኔው ልክ ነው።
ጨርቅ ስለተረፈ አይቆረጥም፤ ሰው የሚያለብሰው
መስመሩ ነው።»
ዝም አለች። ዝቅ አረገችው።

ከመሳቢያዬ ደግሞ ሦስት የባንክ ደብተር፦
አንዱ መኪና ይደርስሻል ብለውኝ፣ ሃያ አምስት ብር፤
አንዱ ከባሌ ጋራ፣ ባል የነበረኝ ጊዜ፣ እሱም ሃያ አምስት ብር።
ሁለቱን ዘጋሁ።
በሃምሳው ብር ለቆርቆሮው ምስማር ገዛሁ።
ሦስተኛው ግን አሮጌው፣ ሽፋኑ የነጣ፣
በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ከእጄ ሳይወጣ የኖረ፣
«አንጓች አዛናው» ብሎ በብዕር የጻፈው ጸሐፊ እንኳ ያረፈ፤
ያኔ የማንም ብር አልነበረብኝም።
ይኑር። እሱ ገንዘብ አያበድረኝም፤
ዕዳ ያልነበረባትን እኔን ግን ያውቃታል።

ኅዳር ሲያልቅ ሐጂ ዘንድ፣ አዲስ ዓለም ደረስሁ፣
የመጨረሻዋን አንድ ሺህ ቆጠርሁ።
ገጼን ሊቀዱ ሲሉ «አይቅደዱት!» አልሁ፤
«ያስምሩበት ብቻ። ከታች ባዶው ይቅር።»
«ልትበደሪ ነው?» አሉ፣ ከመነጽራቸው ሥር።
«አይደለም። ባዶውን እያየሁ ልደር።»

አሰመሩ። ቀጥ ያለ አልነበረም፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።
«ለጥምቀት አዲስ ጥለት መጥቷል፤ ውሰጂ፣ ስምሽ አለ፤ ማን ይከለክልሻል?»
ዳሰስሁት። ያምራል። ሠላሳ ቀሚስ ታየኝ።
የማኅበሩ ዕዳ ገና ነው፤ ዕቁቡም ሦስት ወር ቀረኝ።
መቀነቴን ፈታሁ፦
ሦስት ሜትር ይበቃል።
ሦስት ሜትር ገዛሁ።