ሥር ነህ

ታርቱ፣ የካቲት። የኢንስቲትዩቱ ምድር ቤት።
ኤማዮጊ ወንዝ በረዶ ተከናንቦ ተኝቷል፤
እኔ ከማሽኖቹ ጋር አላንቀላፋም።
ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት ቁልፍ
ብረት አይደለም፤ አሥራ አራት ፊደል ነው፤
ቪርቬ፣ ሚስቴ እንኳ፣ ሳታውቀው ሞተች።
ቁጥሬ ዜሮ ነው።
ዜሮ ባዶ ነው ያለ ሰው እዚህ ቤት አልገባም፤
እዚህ ቤት ከዜሮ በላይ ሰው የለም።
ሥር ነኝ። ግንዱም ቅርንጫፉም በእኔ ቆመ፣
ያላዘዝኩት ሁሉ ሳይበቅል ከሰመ።

ሌሎ መጣች አንድ ማክሰኞ፣ ጓንቷን በጥርሷ እያወለቀች፤
የምታጠናው የፔይፑስ ሐይቅን የበረዶ ውፍረት ነው።
«የሟች መምህሬ ፕሮግራም አርጅቷል፣
የሚነሣው በአሮጌ ላይብረሪ ብቻ፤
እሱን ለመጫን ደግሞ ሥር መሆን አለብኝ።
አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓት ብቻ አውሰኝ።»
«ዙፋን ተውሶ በሰዓቱ የመለሰ
አላየሁም» አልኳት።
አልተቀየመችም። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ
«እንግዲያስ ርስት ቁረጥልኝ» አለች።

ቆረጥኩላት።
በአንድ ፋይል ላይ አንዲት መስመር፦
ስሟ፣ ሁለት ነጥብ፣ መቶ ሺህ፣ ሁለት ነጥብ፣
ስልሳ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ ስድስት።
ሰው ያልሰፈረበት የቁጥር ጠፍ መሬት፣
ጎረቤት የሌለበት፣ የድንበር ጠብ የሌለበት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች።
«ለየኝ» ብላ ጻፈች፤ ማሽኑ ለያት።
«ማነኝ?» ብላ ጠየቀች።
«ሥር ነሽ» አላት።
ጮኸች! የሻይ ብርጭቆዬ ተንቀጠቀጠ።
እኔ ደግሞ በራሴ መስኮት ዞር ብዬ አየኋት፦
አንድ ሺህ ሠላሳ ሰባት፣ ያው የተማሪ ቁጥሯ፣
ያው ትናንት የነበረችው፣ ዘውድ የለ፣ ካባ የለ።
ከውስጥ ላያት ሥር ናት፤
ከውጭ ላያት ከሥር ናት።
ማንኛችንም አልዋሸንም፤
በመሃል የቆመችው አንዲት «ከ» ብቻ ናት።

ጫነች፣ ነቀለች፣ ሾመች፣ ሻረች፤
የራሷን ግድግዳ አፈረሰች፣ ጎረቤት አልነቃም።
የማሽኑን ሰዓት ልታዞር ስትሞክር ግን፦
«አልተፈቀደም።»
«ሥር አይደለሁም እንዴ?» አለች ወደ እኔ ዞራ።
«ነሽ። ፀሐይዋ ግን የጋራ ናት።»

ከዚያ የእኔን ፋይሎች ከጓዳዋ ሆና ዘረዘረች፣
ባለቤት በሚለው ዓምድ ላይ ስሜን ፈለገች።
በሃያ ሁለት ዓመት ያቆምኩት ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች፦
ማንም። ማንም። ማንም። ማንም።
«ኡርማስ፣ እዚህ ውስጥ እኮ ማንም ነህ» አለች እየሳቀች።
እኔም ሳቅሁ። ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር።

በግንቦት ጡረታ ወጣሁ።
ቱሊፕ ሰጡኝ፣ ኬክ ቆረሱ፣
ማይሊስ ኬኩ ሳያልቅ አሥራ አራቱን ፊደል ለወጠችው፤
እንዲያ ያስተማርኳት እኔው ነኝ፣ ምን እላለሁ።
የቀረልኝ ተራ ቁጥር ነው፣ አንድ ሺህ ሁለት፣
የእንግዳ ማረፊያ ያህል።

ትናንት ሌሊት፣ አኔሊን ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ፣
የጥቅምት ዝናብ መስኮቱን ሲደበድብ
እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
ገባሁ። «ለየኝ» አልኩት። ለየኝ።
«ማነኝ?»
ጠቋሚው ሁለቴ ብልጭ አለ።
«ሥር ነህ።»
እግዜር ይስጥህ አልኩት፣ ለሰው እንደሚባለው።

ምንም አልጫንኩም። አንድ ባዶ ፋይል ፈጠርኩ፣
«ቪርቬ» ብዬ ሰየምኳት፣
የባለቤቱን ዓምድ አየሁ። ሥር። እኔ።
ያኔ ስልኬ ተንጫጫ፤ ማይሊስ ናት፦
«አንድ ሺህ ሁለት በዚህ ሰዓት ምን ይሠራል?
ተኛ፣ ሽማግሌ።»
ከውጭ ሆና እያየችኝ ነው፣ እንዳስተማርኳት።

«ውጣ» ብዬ ጻፍኩ።
ክፍሉ ከነዙፋኑ ጠፋ፣ ኮሽታ እንኳ አላሰማም።
ፋይሏ ግን ቀርታለች፤
ክብደቷ ዜሮ፣
ባለቤቷ አንድ ሺህ ሁለት።