ጉድጓድ አሥራ ሰባት

ከአቃቂ ወዲያ፣ ከሽንብራው ማሳ፣ ከጥቁሩ አፈር፣
ክረምት ጎማ ሲውጥ፣ በጋ ሲሰነጠቅ ከሚኖር ሰፈር፣
አንዲት ክፍል አለች፣ ብሎኬት ግድግዳዋ፣ ቆርቆሮ ጣሪያዋ፤
ጉድጓድ አሥራ ሰባት ይላታል መዝገቡ፤ ቁጥር ነው መጠሪያዋ።

ግራጫ ሣጥን ነው እኔ የሰቀልኩባት፣
ሲም ካርድ የዋጠ፣ ጣት የምታህል አንቴና ያቆምኩባት፤
ሞተሩን «ተነሣ»፣ ሞተሩን «አሁን ተኛ» እንድለው ከሩቁ፣
የግፊቱ ልክ፣ የአምፔሩ ልክ፣ በየአሥር ሰከንዱ እንዲመጣ ሐቁ።

ጋሽ ዲንቂሳ ቆመው ያዩኝ ነበር ያን ቀን፣ እጃቸው ኪስ ገብቶ፤
«ይሄ ነው የሚተካኝ?» አሉ።
ብሎን ነክሻለሁ፤ አፌ ሥራ አግኝቶ።
ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ የዳሰሰ መዳፍ
በምን ሽቦ ይታሰር? በየትኛው ቁጥር ይጻፍ?

የሰኔ መጀመሪያ፣ ሌሊት። ዝናቡ ሲወርድ ተረኛ ነኝ እኔ፤
ስክሪኑ አረንጓዴ፣ ሻይ ቀዝቅዞ ጎኔ።
ጉድጓድ አሥራ አምስት፣ ደኅና። አሥራ ስድስት፣ ደኅና።
አሥራ ሰባት፣ ደኅና፤
ግፊት ስድስት ነጥብ ሁለት፣
ስድስት ነጥብ ሁለት፣
ስድስት ነጥብ ሁለት እንደገና።
እንዴት አይነቃነቅም ብዬ አልጠየቅሁም፤
ቁጥር ሲረጋ ደስ ይላል፤ ያስተኛል፤ እኔም አልነቃሁም።

ስልኬ አንዴ ጮኸ። ሚስኮል። ደግሞ አንዴ፤ ጠፋ።
ካርድ ላለቀበት ሰው ንግግር ይሄው ነው፤
ሁለት ጊዜ ኩርፊያ፣ ሁለት ጊዜ ተስፋ።
መልሼ ደወልኩ።
«ጉብታው ላይ ነኝ» አሉ፣ ነፋስ በመካከል፤ «ታች ኔትወርክ የለም፤
ፓምፗ ጠጠር ስታኝክ ሰማሁ፤ ውሃ መሳብ አይደለም።»

ዞር ብዬ አየሁ፤ ስድስት ነጥብ ሁለት።
አርባ ደቂቃ የሞላው ሬሳ፤ ፊቱ ላይ ያልጠፋ ሙቀት።
«አቁም» የሚለውን ነካሁ፤ «ትእዛዝ ተልኳል» አለኝ፤ ተልኮ የት ደርሶ?
«ቀዩን ይጫኑት ጋሼ!»
«ተጭኜው ነው የመጣሁት» አሉኝ፣ ትንፋሻቸው አንሶ።

ሲነጋ ሄድኩ፣ ጫማዬ የአቃቂን ጭቃ ጎርሶ።
እጄን ይዘው ቧንቧው ላይ አኖሩት።
«ጤነኛ ስትሆን እንደ ሰፈር ወፍጮ ናት፣ አልማ የምትፈጭ፤
ሲያማት ግን፣ ልጄ፣ ጥርስ ነው የምታፋጭ።»
መዳፌ ምንም አልሰማም። ገና ነው።

ሪፖርቱን ሞላሁ። ምክንያት፦ የኔትወርክ መቋረጥ።
ሰዓት፦ ሌሊት ስምንት ከሩብ።
«ፓምፑን ያቆመው» ሲል ምርጫው ሁለት ነው፤
«ማዕከል» ወይም «አውቶማቲክ»።
በእስክሪብቶ ሦስተኛ ሣጥን ሳልኩ፣ ትንሽ የተጣመመ።

ሰፈሩ አልሰማም። ማክሰኞ ፈረቃው ነው፤ ጀሪካን ተሰልፏል፣ ቢጫ በቢጫ፤
ውሃው በሰዓቱ መጣ፤ ስለመጣ ውሃ ማን ይጠይቃል?
ሰው የሚጠይቀው የቀረ ለት ነው፣ እሱንም በግልምጫ።

ስልኬ ውስጥ በአንድ ስም ሁለት ቁጥር አለ፦ ጉድጓድ አሥራ ሰባት።
አንደኛው ይጽፋል፣ ይጽፋል፣ ሳይሰንፍ ለሽራፊ ሰዓት፤
ሁለተኛው አንዴ ብቻ ይጮኻል፣ ማታ፣ ከጉብታው።
አላነሣውም። እንዳላነሣው ነው የተግባባነው።
ደኅና ናት ማለት ነው።