መብራት ያዥ

ኮዬ ፈጬ ጫፍ ላይ፣ ከኛ ብሎክ ወዲያ ስንዴ ነው የሚታየው፤
ውሃ ማክሰኞ ሌሊት፣ እሱም ከመጣ ነው።
ቧንቧው ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ሲያስል፣
ጎረቤት ለጎረቤት «መጣች!» ይላል፣
ጄሪካን ከጄሪካን ይጋጫል።

የዚያን ማክሰኞ ግን ከቧንቧው ቀድሞ ሰው ጮኸ፦
«ሌባ! ቆጣሪ ፈቺ!»
መብራት እንደ ልማዱ የለም።
በዳበሳ ወረድን፤ ቀድሞኝ የወረደው ሁሉ እጁ ባዶ አይደለም፦
የመጥረጊያ እንጨት፣ ቁራጭ ፌሮ፣ የበር መቀርቀሪያ።
እኔ ነጠላ ጫማ፣ ቢጃማ፣ ትከሻዬ ላይ መደረቢያ።
መትቼ አላውቅም ሰው።
ዘጠነኛ ክፍል ግብረ ገብ ነው የማስተምረው፤
አርጩሜ ይዤ ክፍል ገብቼ አላውቅም።
ይህን የምለው ልመሰገን አይደለም።

ልጁን አወቅሁት። ማስረሻ ነው፣ የእታፈራሁ ልጅ፣
ዐሥራ አራት ቢሞላው፣ ስፓናው እንኳ የሚከብድ ለእጅ፤
በማዳበሪያው ሦስት ቆጣሪ።
ነሐስ በኪሎ ስንት እንደሚያወጣ ቆራሌው ነው አስተማሪ።

ይህ ሕንፃ ሲሠራ እታፈራሁ የቀን ሠራተኛ ነበረች፤
እኔ ዕጣዬ እስኪወጣ፣ እሷ በባሬላ አሸዋ ታወጣለች፣
ልጁን በሆዷ ይዛ፣ እስከ አራተኛው ፎቅ፣
የኔ ሳሎን ገና ጣሪያ ሳያውቅ።
ከሱ በፊት አንድ ቀብራ ነበርና፣ ያን እንዲያስረሳት፣
ማስረሻ ብላ ጠራችው፤ ስም መቼም አይከፈልበት።

«መምህር፣ ስልክዎ ባትሪ አለው?» አሉ ሻለቃ ዘውዱ።
ነበረው። አበራሁት። ክቡን ከፍተው ወደ ውስጥ እንድገባ ፈቀዱ።
«ወደ ፊቱ ያድርጉት።» ወደ ፊቱ አደረግሁ።
ሠላሳ አራት በመቶ ይል ነበር፤ ይህን አልረሳሁ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም፤
አንድ በትር አልሰነዘርሁም።
ግን እያንዳንዱ በትር የት እንደሚያርፍ ያየው በኔ ነው።

ያዳነውን ልንገራችሁ፤ ምሕረት አይደለም፣
«ተው፣ ይበቃል» ያለ ከመካከላችን የለም።
ቧንቧው ነው ያሳለ።
«መጣች!» የሚል የሕፃን ድምፅ ከሦስተኛ ፎቅ ወረደ፣ ተቀባበለ፤
እንጨቱ ሁሉ ወደቀ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጄሪካኑ በረረ።
እኔም መብራቴን አጠፋሁ፣ ለባትሪው ብዬ፤ ሠላሳ አንድ ቀርቶት ነበረ።
አራት ጄሪካን ሞላሁ።
ከታች፣ ከጨለማው፣ ሲቃትት፣ አራቱም እስኪሞሉ ሰማሁ።

በማግሥቱ ደረጃው ሥር ክርክር ተነሣ።
ሻለቃ «ዘር ከልጓም ይስባል፤ አባቱንም አውቀዋለሁ» አሉ።
ወይዘሮ ጥሩአየሁ በአዲሱ ውሃ የመጥረጊያዋን እንጨት እያጠበች፣
«ማን ሌባ ሆኖ ይወለዳል? ችግር ነው ልጁን ያበላሸ» አለች።
«መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ።»
ደብተር የማርመው አለኝ ብዬ ወጣሁ።

ስለ ልጁ የሁለቱም ሚዛን ይደፋ ይሆናል፤
እኔን ግን በየትኛው ይመዝኑኛል?
እናቴ ደግ ነበረች። ጦሜን አላደርኩም።
ሰፈር ሲመርቀኝ ነው ያደግሁት፤ የመታኝ አላስታውስም።
ጨለማ ነበር፣ ስልክ ነበረኝ፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።
«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ፤
እኔን ሳያስቀኝ ወሰደኝ፣ ነጠላ ጫማዎቼ እንኳ ደረቅ እንዳሉ።

ሦስት ወር ቆይቶ፣ ሮቶው አጠገብ፣ አገኘሁት ልጁን፤
ግራ ዓይኑ ጭጋግ ለብሷል፣ ይጎትታል አንድ እግሩን።
ጎንበስ ብሎ «ደህና አመሹ መምህር» አለ፤ ጄሪካኔን ተቀበለኝ።
መብራት የያዘ አይታይምና፣ አላወቀኝ።

ደረጃው ሥር ስንደርስ ቆም አለ፤ ዛሬም ጨለማ ነው።
«ስልክዎ መብራት አለው?»
ሰማንያ ሁለት በመቶ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ይሞቃል።
«ባትሪ ዘግቷል» አልኩት።
«ግድ የለም፤ ደረጃውን እግሬ ያውቀዋል።»
ቀድሞኝ ወጣ። በየፎቁ ቆሞ ይጠብቀኛል፦
«እዚህ ጋ ጠርዙ ተሰብሯል፣ መምህር፤ እዚህ ጋ ይጎድላል።»