እንደ ተሳፋሪ

ጃኬቱ ሰፊ ነው፤ እጅጌው ጣቴን አልፎ ይወርዳል፤
ደረቱ ላይ በቀይ ክር የሌላ ሰው ስም ሰፍሯል።
ግራሲላ ይላል፤ ጡረታ የወጣችው ሴትዮ ናት።
ዓሣ ጫኞቹ «እንዴት አደርሽ ግራሲላ» ሲሉኝ በጠዋት፣
ማረም አፍሬ፣ «ደህና» እያልኩ ቆየሁ ስድስት ሳምንት።

ሥራዬ ቲኬት መቁረጥ ነው፣ ከኒዬብላ እስከ ኮራል፤
ወንዙ ከባሕር ተጋብቶ ስሙ በሚጠፋበት ጀልባችን ያቋርጣል።
ግማሽ ሰዓት ናት መንገዷ።
ለእኔ ግን፣ ለካላማ ልጅ፣ የመዳብ አቧራ ለላስኩት፣
ዝናብን በሬዲዮ ለሰማሁት፣
ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲሸሽ ዓመት መሰለኝ፤
ምሰሶ አቅፌ ቀረሁ። አንድ መንገደኛ ቲኬት ሸጠልኝ።

ካፒቴኑ ዶን ኤፍራይን ከላይ ሆኖ አየኝና፣
«ጉልበትሽን ልቀቂው» አለኝ፣ «ካንቺ ቀድሞ ይማራልና።»

ተማረ ጉልበቴ። ጣቴም ሳንቲሙን በክብደቱ ለየ፤
የማን ጭቃ በየትኛው ጫማ እንደሚመጣ ዓይኔ አየ፤
ወይዘሮ ኦርፊሊያ ሒሳቧን በክብሪት ቤት ቆጥራ እንደምትመጣ፣
አስተማሪው ከብስክሌቱ ጋር እያወራ እንደሚወጣ።

ቤት ስገባ ልጆቹ መስኮት ላይ ናቸው፤ ዝናቡ አላቆመም።
ናዌል፣ ገና በስድስት ዓመቱ፣
«እማ፣ ማነው ቧንቧውን ከፍቶ የረሳው?» ብሎ ይቆጣል።
አቤላርዶ ይስቃል፤ ሲስቅ ግን ወደ ግድግዳው ዞሯል።
እሱ እስካሁን ሥራ አላገኘም።
በሥራ ፈንታ ከተማውን ተማረ፤
ትኩስ ዳቦ የት እንዳለ፣ የትኛው ድልድይ እንደማያፈስ መረመረ፤
እሑድ እሑድ እየመራ ያወጣናል፣
አራት ሆነን፣ በሁለት ጃንጥላ።

አንድ እሑድ የዓሣ ገበያ፤ የባሕር አንበሶች ከወንዙ ወጥተው፣
እንደ ጠገበ ባለዕዳ እያሳሉ ተዘርረው፤
ሊዮንቲና ለአንዱ የሒሳብ መምህሯን ስም አወጣችለት።
አንድ እሑድ ረግረጉ ዳር፤ አንገተ ጥቁር ነጫጭ ወፎች፣
ጫጩታቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው ሲቀዝፉ፣
«ይኸው የእናታችሁ ጀልባ» አለ አቤላርዶ፤
«ይቺ ግን ቲኬት አትጠይቅም።»

ስድስተኛው እሑድ፣ «ዛሬ ጀልባ!» አሉ።
«ዳቦ ጋጋሪ በዕረፍቷ ምድጃ ልትሞቅ ነው?» ብዬ ተሟገትኩ፤
ሦስት ለአንድ ተሸነፍኩ።

ሬናቶ ነበር ተረኛው፤ «አንቺማ እለፊ» አለኝ፤ እምቢ አልኩ፤
እንደ ሰው ከፈልኩ፣ ቀደደልኝ፣ ግማሿን ኪሴ ከተትኩ።
ተቀመጥኩ።
ያኔ ነው የገባኝ። ሥራ ላይ ስቆም ፊቴ ወደ ሰው ነው፣
ወደ ሳንቲም፣ ወደ እጅ፤ ውሃው ሁሌ ከኋላዬ ነው።
ስድስት ሳምንት በጀርባዬ ሳቋርጠው
አንድ ቀን አላየሁትም፤
ኮረብታው ጉሙን እንደ ሻሽ ሲፈታ፣
ምሽጉ ላይ ዝገት የበላው መድፍ ሲያዛጋ።
ናዌል «እማ፣ ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው?» አለኝ።
«ከሰኞ እስከ ቅዳሜ» ልለው ነበር፤ ሳቅ ቀደመኝ።

«ግራሲላ!» ወይዘሮ ኦርፊሊያ ናት፣ ከወዲያኛው ወንበር።
ሊዮንቲና ብድግ አለች፤ ድምፅዋ የጡሩምባ ነበር፤
«ስሟ ሳቢና ነው! ሳቢና!»
ጀልባው ሙሉ ሰማ፤ አስተማሪው፣ ብስክሌቱ፣
ሬናቶ፣ በግ በጫነው መኪና ላይ በጎቹ።

ማታ አቤላርዶ ጃኬቱን ጭኑ ላይ አጋድሞ
በምላጭ፣ ፊደል በፊደል፣ ቀዩን ክር ፈታው።
እጁ ሥራ ናፍቆት ነበር፤ አልቸኮለም።
ስሙ ወጣ፤ የመርፌው ቀዳዳ ግን ቀረ፣
ወደ መብራት ሲይዙት አሁንም ግራሲላን ያስነብባል።
«እጅጌውንስ ላሳጥረው?»
«ተወው» አልኩ፤ «ይሞቃል።»

ሰኞ ጠዋት ዶን ኤፍራይን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ
«ግራ...» አለና ዋጠው፤
መሪ የያዘው ተለማማጅ ትእዛዝ መስሎት ወደ ግራ አዞረው።
ሞገዱ ጎናችንን መታን። ቲኬቶቼ እስከ ሥራቸው ራሱ፤
ሞተሩ ክዳን ላይ ደርድሬ ሳደርቃቸው ዋልኩ።